ክሪስታልን በፀሐይ ማጽዳትና ቻርጅ ማድረግ፦ ድንጋዩ ሳይደበዝዝ፣ ቤቱም ሳይቃጠል

ክሪስታል የሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ምክር አለ። አዲስ ድንጋይ ስትገዙ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አውሉት፣ «ቻርጅ» ይሆናል፣ ማለትም ኃይል ይሞላል ይባላል። ድንጋይ አይደል፣ ምን ይሆናል ብሎ ጠዋት በረንዳ ላይ አስቀምጦ ሥራ የሚሄድ ብዙ ነው። ማታ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። አንዳንዴ ግን ኦፓሉ ተሰንጥቆ ይጠብቀዋል። ይባስ ብሎ መጋረጃው ተቃጥሎ ሊጠብቀውም ይችላል።

የእኔ አቋም ይኸው ነው፦ ፀሐይ ለድንጋይ የምትጨምርለት ነገር የለም፤ የምትቀንስበት ግን አለ። ስለዚህ ልማዱን የምትወዱት ከሆነ የጠዋት ፀሐይ ይሁን፣ ጊዜው አጭር ይሁን፣ ድንጋዩ ደረቅ ይሁን፣ ዓይናችሁም አይለየው። ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሆነ ሳታውቁ አታውጡት። የወሎ ኦፓል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታውጡት።

ቻርጅ የሚሆነው ማን ነው?

ሳንሸዋወድ እናውራ። ኳርትዝ እንደ ስልክ ባትሪ ኃይል አያጠራቅምም። ኤሌክትሪክ ማመንጨቱ እውነት ነው፤ ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 አሳይተውታል። ግን የሚያመነጨው ሲጫኑት እንጂ ፀሐይ ሲያገኘው አይደለም። የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለችው ስንጥር ኳርትዝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገበውም ባትሪው ስለሚያንቀሳቅሳት ነው።

በእውነት ሙቀት ሲያገኝ ኤሌክትሪክ የሚይዝ ድንጋይ ከተፈለገ ቱርማሊን አለ። ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ጫፎቹ ተቃራኒ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ይይዛሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የደች ነጋዴዎች ከሲሎን (ከዛሬዋ ስሪላንካ) ያመጡትን ቱርማሊን እያሞቁ የፒፓቸውን አመድ ይስቡበት ነበር። ይህም ቢሆን ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ቤታችሁ ያለው ጥቁር ቱርማሊን ፀሐይ ላይ ቆይቶ ሲገባ አቧራ ለጥፎ ብታገኙት አይግረማችሁ።

እንግዲህ ሰዎች ድንጋዩን ይዘው የሚሰማቸው መንዘርና ሙቀትስ? እ.ኤ.አ. በ2001 ክሪስቶፈር ፍሬንች የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ፈትሾ ነበር። ለገሚሱ ሰው እውነተኛ ክሪስታል፣ ለገሚሱ ደግሞ አስመሳይ ሰጡ። የተሰማቸው ነገር ተመሳሳይ ሆነ። ይህ ማለት ድንጋይ ይዞ አሥር ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጸጥታው የእናንተ ነው ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ አሥር ደቂቃም ቢቆይ አሥር ሰዓትም ቢቆይ ለ«ቻርጁ» ልዩነት የለውም። የአጭሩ ጊዜ ምክር የሚመጣው ከዚህ ነው። «ቻርጅ» የሚባለው ነገር ከእምነታችሁ ጋር የሚጋጭባችሁ ደግሞ ስለ እጥበትና ስለ አያያዝ ያለውን ብቻ ውሰዱ፤ ያ ለማንኛውም ጌጥ ይሠራል።

1ኛ እርምጃ፦ ድንጋያችሁን ለዩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ቀሪው ቀላል ነው። ሻጩ የነገራችሁን ስም ጻፉት፤ ከየት እንደመጣና ምን እንደተደረገበትም ጠይቁ። «ተቀብቷል? ዘይት ገብቶበታል? በሙቀት ታክሟል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ነጋዴ ይመልሳል። የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ሱቅ አለ።

ፀሐይን ብዙም የማይፈሩት እነዚህ ናቸው፦ ጥርት ያለ ኳርትዝ፣ ጃስፐር፣ ቀለም ያልተነከረ አጌት፣ ጋርኔት፣ ጥቁር ቱርማሊን፣ ከአክሱም አካባቢ የሚወጣው ሰማያዊ ሳፋየር። ባልጩትም ብርሃን አያደበዝዘውም። ግን ጥቁር ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ የተፈጥሮ መስታወት ስለሆነም ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ አይወድም። ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ከነካው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛው ምድብ የሚገረጡት ናቸው። አሜቲስት ሐምራዊ የሆነው ውስጡ ባለው ጥቂት ብረትና በመሬት ውስጥ ለረጅም ዘመን ባገኘው የተፈጥሮ ጨረር ነው። አልትራቫዮሌት የሚባለው በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ይህን ቀስ በቀስ ይፈታዋል። ልብ በሉ፣ አሜቲስት በአንድ ጠዋት አይደበዝዝም። የሚያደበዝዘው ዓመቱን ሙሉ መስኮት ደፍ ላይ እንደ ጌጥ መቀመጡ ነው። ስለዚህ ለቻርጅ ብላችሁ ካወጣችሁበት ግማሽ ሰዓት ይልቅ የምታሳምሩበት ቦታ ያሳስበኛል። ጭስማ ቀለም ያለው ኳርትዝና ሮዝ ኳርትዝም ሊገረጡ ይችላሉ። በተለይ ሮዙ ጥርት ብሎ በክሪስታል ቅርጽ ያደገ ከሆነ ለብርሃን ስስ ነው። ፍሎራይትና ሰማያዊ ሰለስቲንም ከዚሁ ጎራ ናቸው። አንዳንድ ቡናማ ቶፓዝም ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙን ይለቃል። ከሁሉም የባሰው ኩንዛይት ነው። ፈዛዛ ሮዝ፣ ውድ፣ በጣም ስስ። ጌጣጌጥ ሠሪዎች «የምሽት ድንጋይ» የሚሉት ቀን ቀን ስለማይደረግ ነው። ኩንዛይት ካላችሁ ፀሐይ የሚባል ነገር አታሳዩት።

ሲትሪን እያሉ የሚሸጡት አብዛኛው በምድጃ ውስጥ የተጠበሰ አሜቲስት መሆኑን ታውቁ ይሆናል። ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ሐምራዊው ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ይለወጣል። ይህኛው ምድጃውን ችሎ የወጣ ነውና የጠዋት ፀሐይ አያስደነግጠውም።

ሦስተኛው ምድብ በብርሃኑ ሳይሆን በሙቀቱና በድርቀቱ የሚጎዱት ናቸው። ኦፓል ዋናው ነው፤ ለብቻው እመለስበታለሁ። ኤመራልድም አለ። ከጉጂ ዞን፣ ከሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው የኛ ኤመራልድ ስሙ በዓለም ገበያ ከፍ ብሏል። ግን ኤመራልድ የትም ይውጣ፣ ውስጡ ጥቃቅን ስንጥቅ አያጣም። ነጋዴዎች ስንጥቁን ለመሸፈን ዘይት ያስገቡበታል፤ ይህ የታወቀና ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው። ፀሐይ ላይ ሲግል ዘይቱ ይወጣል ወይም ይደርቃል፣ ትናንት ያላያችሁት ስንጥቅ ዛሬ ብቅ ይላል። ድንጋዩ አዲስ አልተሰበረም፤ መሸፈኛው ነው የሄደው። ቱርኩዌዝ፣ ሉልና አምበርም ጥላ ይወዳሉ።

ሴሌናይትን ብዙ ሰው ነጭና የሚያበራ ስለሆነ ብርሃን የሚስማማው ይመስለዋል። ሴሌናይት ግን ጂፕሰም ነው፤ ጄሶ የሚሠራበት ድንጋይ። ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ጄሶ የሚመረተው እሱን አሙቆ ውኃውን በማባረር ነው። የጠዋት ፀሐይ ጄሶ አያደርገውም፣ ግን ቆርቆሮ ላይ ቀኑን ሙሉ እንዲግል መተው ጥሩ አይደለም። በጥፍር ይጫራል፣ ውኃ ውስጥ ሲቆይም ቀስ እያለ ይሟሟል።

መጨረሻ ላይ የተነከሩት አሉ። ደማቅ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሮዝ፣ የሎሚ አረንጓዴ አጌት ካያችሁ ቀለም የጠጣ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ነጭ ሆውላይት ሰማያዊ ተቀብቶ በቱርኩዌዝ ስም ይሸጣል። ጥጥ በአሴቶን (በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው) ነክራችሁ በማይታይ ጎኑ በቀስታ አሹት። ጥጡ ቀለም ከያዘ ነገሩ አልቋል። ይህን ሙከራ ግን ኦፓል፣ ኤመራልድ፣ ሉል ወይም አምበር ላይ እንዳትሞክሩ።

ስሙን ጭራሽ ካላወቃችሁት? ፀሐይ ላይ አታውጡት። የምትለዩበት መንገድ መጨረሻ ላይ አለ።

2ኛ እርምጃ፦ እጥበት

በእጥበት የሚጠፋ ድንጋይ በፀሐይ ከሚጠፋው ይበዛል። ምክንያቱ አቧራ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው ከ1 እስከ 10 የሚሄድ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ነው። ቤታችን የሚገባው አቧራ ውስጥ ደግሞ የኳርትዝ ቅንጣት አይጠፋም። ፍሎራይት 4 ነው፣ ማላካይት 4 እንኳ አይሞላም። አቧራ የለበሰውን ፍሎራይት በደረቅ ጨርቅ ስታሹት በአሸዋ እየፈተጋችሁት ነው። ከጥቂት ወር በኋላ «ለምን ደበዘዘ?» ይባላል።

ስለዚህ መጀመሪያ አቧራውን አራግፉ። ንጹሕና ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ይበቃል። ሳትጫኑ፣ ከላይ ወደ ታች።

ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ጨምሩ። ሥሩ ላይ ትንሽ ፎጣ አንጥፉ፤ ድንጋዩ ከእጃችሁ ቢያመልጥ ፎጣው ያድነዋል። በቧንቧ ሥር ማጠብ ቀላል ይመስላል፣ ግን ስንት ቀለበት በሲንክ ጉሮሮ ገብቶ ቀርቷል። የሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበት፤ ጠብታ ይበቃል። የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ይዛችሁ በተለይ ቀዳዳና ስርጉድ ያለበትን ቦታ በቀስታ አሹ። አጥባችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ።

ይህ የውኃ እጥበት ለነኳርትዝ፣ ለጃስፐር፣ ለጋርኔት፣ ለሳፋየር፣ ለቱርማሊን ነው። ለሴሌናይት፣ ለቱርኩዌዝ፣ ለወሎ ኦፓልና ለፓይራይት አይሆንም። ፓይራይት እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፣ ሲብስም ውስጡ ካለው ድኝ አሲድ እየፈጠረ ይፈረካከሳል፤ አጠገቡ ያለውን ካርቶን ሳይቀር ይበላል። ዘይት ላለው ኤመራልድ ውኃው ለብ ያለ ይሁን፣ ሳሙናው ይቅር፣ ቶሎ ይውጣ።

በረኪና፣ ሎሚና አቼቶ ለማንም አያስፈልጉም። ማላካይት ላይ አቼቶ ስታፈሱ አረፋ የሚያወጣው እየጸዳ ሳይሆን እየተበላ ስለሆነ ነው። ጨው ውስጥ መቅበር የሚባለውንም ተዉት። ጨው ይጭራል፣ እርጥበት ይስባል፣ የብር መያዣ ካለውም ያጠቁረዋል። ጨው ራሱ ክሪስታል ነው፤ ከዳናኪል የሚመጣ አሞሌ ቤታችሁ እንደ ጌጥ ካለ እሱንም በብሩሽ ብቻ አጽዱት፤ ካጠባችሁትማ ለወጥ ነው የሚሆነው።

ካጠባችሁ በኋላ በጥጥ ጨርቅ አድርቁና ሌሊቱን ጥላ ውስጥ አሳድሩት። ይህችን ማደር አትዝለሏት። ስንጥቅ ውስጥ የቀረ ውኃ ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ስንጥቁን ይገፋዋል። የቧንቧ ውኃ ደግሞ ላዩ ላይ ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል። በሚቀጥለው ቀን ደረቅ ድንጋይ ነው ይዛችሁ የምትወጡት።

ዕጣን የምታጨሱባቸውም አላችሁ። ለኳርትዝና ለመሰሎቹ ጉዳት የለውም፤ ርቀት ጠብቁ እንጂ፤ ከከሰሉ በላይ አንጠልጥላችሁ አትያዙት። ውኃ የሚጠጡትን፣ እነ ኦፓልንና ቱርኩዌዝን ግን ከጭሱ አርቁ። ጭስ ውስጥ ያለው ቅባት ገብቶ ይቀራል።

3ኛ እርምጃ፦ ፀሐይ

ሰዓት። በአገር ቤት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ውስጥ ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ናት። በበጋ እኩለ ቀን የአዲስ አበባ ዩቪ ኢንዴክስ (የአልትራቫዮሌት ብርታት መለኪያ) 11ን ሲያልፍ ብርቅ አይደለም፤ ይህ ከመለኪያው የመጨረሻው ደረጃ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቀንም። ቆዳችሁን የሚያጠቁር ብርሃን አሜቲስቱንም ያውቀዋል። ለጋ ፀሐይ ግን ደካማ ናት፣ ለዚህ ሥራ ትበቃለች።

ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ላላችሁ በበጋ ወራት ከቤት ውጭ ማውጣቱ ይቅር። መኪና ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ። በሞቃት ቀን የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ በላይ ይግላል። ክሪስታል መስተዋቱ ላይ አንጠልጥሎ መንዳት ፋሽን ነው፣ ግን ለድንጋዩም ለዓይናችሁም ጥሩ አይደለም። ሚኒሶታ ወይም ኦስሎ ላላችሁ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ሞቃት ሳሎን ውስጥ የነበረን ድንጋይ አውጥቶ በረዶ ላይ ማስቀመጥ ፍሎራይትን ለመሰንጠቅ ይበቃል። በክረምት ከውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ይሁን።

የመስኮት መስታወት ይከላከልልኛል ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ተራ መስታወት አልትራቫዮሌት «ቢ» የሚባለውን ጨረር በአብዛኛው ያስቀራል፤ «ኤ» የሚባለውን ግን ብዙውን ያሳልፋል። የሶፋችሁ ጨርቅ መስኮት በኩል ያለው ጎኑ የሚገረጣው ለዚህ ነው።

ቦታ። ነጭ ሴራሚክ ሳህን ከሁሉ ይሻላል። አይቃጠልም፣ ብዙ አይግልም፣ ድንጋዩም አይንከባለልም። ቆርቆሮና የብረት ትሪ እንደ ምጣድ ይግላሉ። ሰፌድ ላይ መደርደር ያምራል፤ ፎቶ አንሱና አንሱት፤ ሣር ነው፣ ምክንያቱን ቀጥሎ እነግራችኋለሁ። በረንዳው ጠርዝ ላይ ደግሞ አታስቀምጡ። ከአራተኛ ፎቅ የወደቀ ድንጋይ ሰው ይገድላል።

ቆይታ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። የሚገረጡት ምድብ ውስጥ ካሉ 10 ደቂቃ በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ አለበለዚያ ጭራሽ ይቅር። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። ድንጋዩን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ለብ ካለ በቂ ነው፣ ካቃጠላችሁ አልፏል።

መልስ። ወደ ጥላ አስገቡትና እዚያው ሳህኑ ላይ ይብረድ። ውኃ አታፍስሱበት። ሲበርድ በእጃችሁ ያዙት፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ የምትጸልዩም ጸልዩ፣ የምታስቡም አስቡ። የዚህኛው ክፍል ርዝመት የእናንተ ነው።

እሳት

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። ሰዎች ግን እንደ ተረት ይቆጥሩታል። የኳርትዝ ኳስ ወይም ሾጠጥ ያለ ጥርት ያለ ክሪስታል ማጉያ መነጽር ነው። የለንደን እሳት አደጋ ብርጌድ ክሪስታል ኳስና መስታወት ነክ ጌጦችን ፀሐይ ከሚያገኝበት መስኮት እንድታርቁ እያለ ደጋግሞ ያስጠነቀቀው በየጊዜው ቤት እየተቃጠለ ስላስቸገረው ነው።

ኳሱን ላሳያችሁ። 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የኳርትዝ ኳስ በአንድ ጎኑ የገባበትን የፀሐይ ብርሃን ሰብስቦ በሌላው ጎን፣ ከላዩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ አንድ ነጥብ ላይ ይጥለዋል። 2 ሴንቲሜትር ማለት መጋረጃው፣ የጠረጴዛው ዳንቴል፣ ከጀርባው የተደረደረው መጽሐፍ ያለበት ርቀት ነው። ነጥቡ ደግሞ አይቆምም። ፀሐይ ስትንቀሳቀስ እሱም ይንቀሳቀሳል። 3 ሰዓት ላይ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ነጥብ 5 ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ሊሆን ይችላል። ጠዋት አይታችሁ «ምንም የለም» ብላችሁ መሄድ የማይሠራው ለዚህ ነው። ክረምትም ዋስትና አይደለም። በአውሮፓ ክረምት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል በመስኮት ዘልቃ እስከ ሳሎኑ ውስጥ ትገባለች።

ስለዚህ ጥርት ያለ ኳስ ፀሐይ ላይ አይወጣም። ማውጣት ግድ ከሆነባችሁ በጨርቅ ሸፍናችሁ ሳይሆን (ጨርቁ ነው የሚቃጠለው) ሴራሚክ ሳህን ላይ፣ ዙሪያው ባዶ፣ አጠገቡ ቆማችሁ። ልጅ ወይም ድመት ያለበት ቤት ከሆነ ይህም ይቅር። ማታ ማታ ኳሱን ካቢኔ ውስጥ የማስገባት ልማድ ይኑራችሁ፤ የጠዋቷ ፀሐይ ተኝታችሁ ሳለ ነው የምትገባው።

የወሎ ኦፓል

በአገራችን ሰው እጅ በብዛት የሚገኘው የከበረ ድንጋይ ይህ ነው፤ ከውጭ የተጻፈ የቻርጅ ምክር ደግሞ ቀጥታ የሚጎዳው እሱን ነው። ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ገደል እየተፈለፈለ ይወጣል፤ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል ካለ ቀጭን ንብርብር። ወደ ዓለም ገበያ በሰፊው የገባው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ የታወቀው የሸዋው፣ የመዘዞ ኦፓል ቸኮላት ቀለም ነበረው፤ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ስሙ አላማረም። የወሎው ከእሱ ይጠነክራል። የራሱ አመል ግን አለው።

አመሉ ውኃ መጠጣት ነው። ኦፓል የተሠራው በዓይን ከማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች ነው። እንክብሎቹ በሥርዓት ሲደረደሩ ብርሃንን እየበተኑ ያንን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ጨዋታ ይሰጣሉ። የወሎው ኦፓል እንክብሎች መሃል ክፍተት አለ። ውኃ ውስጥ ስትከቱት ክፍተቱ በውኃ ይሞላል። ጥቃቅን የአየር አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ። ቀጥሎ ነጩ ድንጋይ ዳር ዳሩን መጥራት ይጀምራል፣ መሃሉ ላይ ነጭ እምብርት ይቀራል፣ እሱም እየጠበበ ይጠፋል። በመጨረሻ እጃችሁ ላይ ያለው የቀለም ጨዋታው የደከመ ወይም የጠፋ፣ መስታወት የመሰለ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚደነግጠውና ጥፋት የሚሠራው። እንዲደርቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ያወጣዋል፣ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ይነፋዋል። ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ሁለቱ ሲጓተቱ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል። ያ አይመለስም። የጠፋው ቀለም ግን ቢታገሡት ይመለስ ነበር።

የረጠበ የወሎ ኦፓል ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ ላዩን አድርቁ። በደረቅ ጥጥ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ፣ ከምድጃና ከመስኮት ርቆ አስቀምጡ። ቀናት ይፈጃል፣ ትልቅ ከሆነ ሳምንታት። ሲደርቅ መሃል ላይ ነጭ ጭጋግ መስሎ የሚከብድበት ጊዜ አለ፤ ተበላሸ ብላችሁ አትዘኑ፣ መንገዱ ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኛችሁ በየሁለት ቀኑ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ይህ ስትገዙም ይረዳችኋል። ሻጭ ኦፓሉን ከውኃ ውስጥ አውጥቶ በግራም ከመዘነላችሁ ለጠጣውም ውኃ ልትከፍሉ ነው። ደረቁን አሳዩኝ በሉ። በጣም ጥቁር የወሎ ኦፓል በርካሽ ካገኛችሁ ደግሞ ጭስ የጠጣ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ሐምራዊና ደማቅ ሰማያዊ መደብ ያላቸው ደግሞ ቀለም የጠጡ ይሆናሉ። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ሁሉንም ይጠጣል፤ ሽቶ፣ የእጅ ቅባት፣ የወጥ ዘይት። ቀለበት ከሆነ ሊጥ ስታቦኩና ሽንኩርት ስትከትፉ አውልቁት።

ለማጽዳት ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ቢበዛ በትንሹ የረጠበና የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል። ቻርጅ ማድረግ ካማራችሁ በጨረቃ ይሁን። ጨረቃ አትግልም፣ አታደርቅም፣ አታደበዝዝም። ጤዛ ስላለ ግን ከውስጥ፣ መስኮት አጠገብ።

የማይጠጣ ውኃ

ክሪስታል ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ፀሐይ ላይ አቆይቶ መጠጣት የሚባል ነገር አለ። አታድርጉት። ማላካይት ውስጥ መዳብ አለ፣ ጋሌና እርሳስ ነው፣ ቀዩ ሲናባር ሜርኩሪ፣ ሪያልጋር ደግሞ አርሰኒክ። ሪያልጋር ብርሃን ሲያገኘው ጭራሽ ወደ ቢጫ ዱቄት እየተለወጠ ይራገፋል፤ ይህኛው ፀሐይ ላይም እጅ ላይም መቀመጥ የለበትም። የተነከረ ድንጋይ ቀለሙን፣ የተጠገነው ሙጫውን ይለቃል። ጥርት ያለውን ኳርትዝስ ብትሉኝ፣ ውኃው ውኃ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ስሙ ላልታወቀ ድንጋይ

ድንጋዩ ርካሽ ከሆነና ለብርሃን ያለውን ባሕርይ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀላል ፍተሻ አለ። ግማሹን በአሉሚኒየም ፎይል አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ግልጥ ያለው ግማሽ ብርሃን እንዲያገኝ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፤ ኳስ ወይም ጥርት ያለ ግን አይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ ፎቶ አንሱት። ከወር በኋላ ፎይሉን ፍቱና ሁለቱን ጎኖች አስተያዩ። መሃሉ ላይ መስመር ከታየ ይህ ድንጋይ የጥላ ነው። ካልታየ ለ15 ደቂቃ የጠዋት ፀሐይ አትስጉለት።

ውድ ከሆነ አትሞክሩበት። የከበረ ድንጋይ የሚመረምር ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት፤ ከሻጩ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ስሙን ሲነግራችሁ ትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉና ከድንጋዩ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አስገቡት። እያንዳንዱ በየራሱ ለስላሳ ከረጢት ይሁን፤ አንድ ሣጥን ውስጥ ከተደባለቁ ሳፋየሩ ኳርትዙን፣ ኳርትዙ ኦፓሉን ይጭረዋል።